ካስማ በካታሎግ፦ ያለ ሚስማር የሚቆመው ቤት አራት መቶ ዓመታት

ተገጣጣሚ ቤት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የመንገድ ሥራ ካምፕ ነው፤ ቆርቆሮና ፎም፣ ሥራው ሲያልቅ ተፈትቶ በመኪና የሚጫን፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ በኒው ኢንግላንድ፣ በቨርሞንት፣ በኒው ሃምፕሻየርና በሜይን፣ በዚሁ ስም የሚሸጥ ሌላ ነገር አለ። ገዢው ያዘዘው ሲደርስ ከመኪናው የሚወርደው ወፍራም ባለ አራት ማዕዘን እንጨት ነው፤ ጎኑ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የአንዱ ጫፍ እንደ ምላስ ተጠርቦ ወጥቷል፣ የሌላው ጎን ምላሱን ለመቀበል ተፈልፍሏል። እያንዳንዱ እንጨት ላይ የፊደልና የቁጥር ምልክት አለ። በካርቶን የታሸጉ የኦክ ካስማዎችም አብረው ይመጣሉ። የቤቱ አጽም የሚቆመው በእነዚህ ነው፤ ሚስማር የሚፈለገው ግድግዳና ጣሪያ ሲለብስ ነው።

ሻጮቹ ይህን ‹‹የጥንት ጥበብ›› እያሉ ያስተዋውቁታል። ነቃፊዎቹ ደግሞ በኮምፒውተር ተቆርጦ በመኪና የመጣ ነገር ምኑ ነው ጥንታዊ ይላሉ። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ያለፉት አራት መቶ ዓመታት ሲታዩ ምላሱና ካስማው ከሞላ ጎደል እንዳሉ ናቸው፤ ቤትን ሌላ ቦታ ቆርጦ አምጥቶ መግጠምም አዲስ ነገር አይደለም። ቦታውን ሲቀያይር የኖረው ዕውቀቱ ነው። አንድ ዘመን በአናጢው ዓይን ውስጥ ነበር፣ ቀጥሎ ወደ መለኪያው ቁጥር ገባ፣ ዛሬ ደግሞ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ መጋጠሚያው እንዴት እንደሚይዝ ማየት ይጠቅማል። ነገሩ ወንዴና ሴቴ ነው። የምላሱ ውፍረት በአሜሪካ ልማድ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ኢንች ይሆናል፤ የአናጢው ስኳድራ አንዱ ክንፉ ሁለት፣ ሌላው አንድ ተኩል ኢንች ወርድ ስላለው ስኳድራውን እንጨቱ ላይ አስተኝቶ ግራና ቀኙን ማስመር ይበቃል። መሮውም የሚሠራው በዚያው ልክ ነው። ዋናው ብልሃት ያለው ካስማው ላይ ነው። ምላሱ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ሴቴው ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም፤ ሆን ተብሎ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይዛነፋል። ጫፉ የሾለ ካስማ ሲመታበት ጎበጥ ብሎ ያልፍና ምላሱን ስቦ ያስገባዋል። እንጨቱ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው እርጥብ ሳለ ነው፤ እርጥብ ለመሮ ይለሰልሳል። ከዓመት ዓመት ሲደርቅ በወርዱ ይኮማተራል፣ በቁመቱ ግን እምብዛም አያጥርም። የጎበጠው ካስማም ይዞ ይቀራል። በክረምት ሌሊት ማሞቂያ በተለኮሰበት ቤት ውስጥ እንጨቱ ጧ ብሎ ሲሰነጠቅ አዲስ ባለቤቶች ደንግጠው ይነሣሉ፤ አናጢዎቹ ግን ይህን ቁም ነገር አይሉትም።

እንጨትን በእንጨት ማሰር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ደብረ ዳሞን ወይም ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉትን የእንጨት ራሶች ያስታውሳል። በድንጋዩ መሐል የተጋደሙትን ረጃጅም እንጨቶች ነክሰው የያዙት የእነዚያ ተሻጋሪዎች ጫፎች ናቸው፤ የአክሱም ሐውልት ቀራጮችም ያንኑ ራስ በድንጋይ አስመስለውታል። ልዩነቱ እዚያ እንጨቱ የድንጋዩ መቀነት ሲሆን፣ በኒው ኢንግላንድ ግን ብቻውን የቆመ አጽም መሆኑ ነው።

ይህ አጽም ወደ አሜሪካ የገባው ከእንግሊዝ በመጡ ሰፋሪዎች እጅ ነው። በማሳቹሴትስ ዴድሃም ከተማ የሚገኘው የፌርባንክስ ቤት ከ1637 እስከ 1641 ባሉት ዓመታት ተሠርቶ ዛሬም ቆሟል፤ በሰሜን አሜሪካ ካሉት የእንጨት አጽም ቤቶች ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው ይባላል። የዚያ ዘመን አናጢ እንጨቱን በመጥረቢያ ይጠርብ ስለነበር ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ቋሚዎች አይኖሩትም። ስለዚህ አንዱን እንጨት በሌላው ላይ መሬት ላይ ያጋድማል፣ ቱምቢ ይጥላል፣ የአንዱን ጉብጠት በሌላው ላይ ያሰምራል፣ ከዚያ ይቆርጣል። እያንዳንዱ ምላስ የሚገባው ለእሱ በተሰመረለት ሴቴ ብቻ ነው። እንዳይደባለቁ ጥንዶቹ በመሮ የሮማ ቁጥር ይቆረጥባቸዋል፤ አራት ቁጥርም በአራት ጭረት ይጻፋል እንጂ ከአምስት አንድ ተቀንሶ አይጻፍም፤ ያኛው አጻጻፍ እንጨቱ ሲገለበጥ ከስድስት ጋር ያምታታልና።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ቤቱ ከሚቆምበት ቦታ ውጭ፣ በአናጢው ግቢ ነበር። አጽሙ እዚያ ይገጣጠማል፣ ይፈታል፣ በበሬ ጋሪ ይጫናል፣ መንደሩ ተሰብስቦ ያቆመዋል። ዛሬ መኪና ላይ የሚጫነው ቤት ቀጥተኛ ቅድመ አያት ይህ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር፦ ያንን ቤት ያለዚያ አናጢ ዓይን መድገም አይቻልም።

ጉድለቱን የሞላው ኤሌክትሪክም ሞተርም ያልነበረው ዘመን ነው። ከ1800 ገደማ ጀምሮ የኒው ኢንግላንድ አናጢዎች ሌላ ሒሳብ ያዙ። የትኛውም ጠማማ እንጨት ውስጥ ትንሽ ቀጥ ያለ እንጨት እንዳለ ይታሰባል፤ መጋጠሚያው ላይ ብቻ እስከዚያ እስከታሰበው ልክ ድረስ ይጠረባል፣ የቀረው እንደ ጠመመ ይተዋል። ልኩ ከታወቀ አንዱ አናጢ ቋሚውን፣ ሌላው አግዳሚውን ለየብቻ ቢቆርጡ ይገጥማል። አንዱ እንጨት ሌላውን አይቶ አያውቅም፤ የሚተዋወቁት በቁጥር ነው። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በኋላ የመጣው ኮምፒውተር ይህንኑ ሒሳብ ከማፍጠን ያለፈ አዲስ ነገር አላመጣም።

ግን ሒሳቡ በደንብ ሳይጣፍጥ ሚስማር ረከሰ። ከ1700ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሚስማር በማሽን መቆረጥ ጀመረ፤ የመጋዝ ፋብሪካዎችም ቀጫጭን ጣውላ እንደ ልብ አወጡ። በ1830ዎቹ ቺካጎ ላይ የተለመደው አሠራር ወፍራሙን ቋሚ በብዙ ቀጫጭን እንጨቶች ተካው። ወንዴና ሴቴ የለም፤ መጋዝና መዶሻ የያዙ ሁለት ሰዎች ያለ መንደሩ እርዳታ ቤት ያቆማሉ። በካታሎግ የታዘዘው የመጀመሪያው ትልቅ የቤት ማዕበልም የዚህ ልጅ ነው። የሚሺጋኑ አላዲን ኩባንያ በ1906 ጀመረ፤ ሲርስ ሮባክ ከ1908 እስከ 1940 ድረስ ከ70,000 በላይ ቤቶችን በፖስታ ትእዛዝ ሸጦ በባቡር ላከ። እንጨቱ፣ መስኮቱ፣ ቀለሙ፣ ሚስማሩ ሳይቀር አብሮ ይሄዳል። ተገጣጣሚነት አሸነፈ፤ ካስማው ተረሳ። ጥቂት ጊዜ የቆየው ድርቆሽና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩባቸው ትልልቅ የገበሬ ጎተራዎች ውስጥ ነበር።

መልሰው ያመጡትም እነዚያ ጎተራዎች ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተማን የጠሉ ወጣቶች ወደ ገጠር ይገቡ ነበር፤ በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ፤ በየገጠሩ ያረጁ ጎተራዎች እየፈረሱ ነበር። ጎተራ ሲያፈርስ ምላሱን አውጥቶ የተመለከተ ወጣት አናጢ፣ ይህን የሠራው ሰው እንዴት አሰበ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የሚመልስለት ሽማግሌ ግን አልነበረም። በፈረንሳይ የአናጢ ማኅበራት የማስመር ጥበባቸውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀብሉ ኖረው ዩኔስኮ በ2009 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦላቸዋል። አሜሪካ ውስጥ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ስለነበር መምህሩ የፈረሰው ሕንፃ ራሱ ሆነ።

ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ቴድ ቤንሰን ነበር። በ1973 በኒው ሃምፕሻየር ሥራ ጀመረ፣ በ1980 የእንጨት አጽም ቤት አሠራርን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። ብዙ አናጢዎች ሥራውን የጀመሩት ያንን መጽሐፍ ክፍት አድርገው መሮ በመያዝ ነው። በማሳቹሴትስ ምዕራብ ደግሞ ጃክ ሶቦን የሚባል አርክቴክትና አናጢ ከሮጀር ሽሮደር ጋር በ1984 የራሱን መጽሐፍ አወጣ። ሁለቱ መንገዶች ወዲያው ተለያዩ። ሶቦን የአካባቢውን ዛፍ፣ የእጅ መሣሪያውን፣ የጥንቱን ልክ የሙጥኝ አለ። ቤንሰን ግን ጥያቄው ሌላ ነበር፦ ይህ ቤት ለብዙ ሰው በጥሩ ዋጋና በጥሩ ጥራት እንዴት ይደርሳል? ዛሬ ድርጅቱ ግድግዳና ጣሪያ በፋብሪካ ውስጥ ገጥሞ ይልካል። በ1985 የተቋቋመው የሰሜን አሜሪካ የአናጢዎች ማኅበር፣ ቲምበር ፍሬመርስ ጊልድ፣ ሁለቱንም ወገን በአንድ አዳራሽ አስቀምጦ ያከራክራል። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም፣ ማለቅም ያለበት አይመስለኝም።

ስለ ትንሣኤው ሲጻፍ መሮና መጥረቢያ ይሞገሳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘለል አንድ ባለ ውለታ ግን አለ፣ እሱም ፎም ነው። የቋሚና የአግዳሚ አጽም ሲያምር ያምራል፣ ነገር ግን በመካከሉ ያለውን ባዶ ምን ይሙላው? በቨርሞንት ክረምት እያንዳንዱ መጋጠሚያ ዳር ነፋስ ይገባል። መፍትሔው አጽሙን ከውጭ በኩል በሳንድዊች ፓነል መጠቅለል ሆነ፤ ሁለት ገጽ ቺፕውድ፣ በመሐሉ ወፍራም ፎም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህ ሲስፋፋ ቤቱ ሞቀ፣ ግንበኛው ፈጠነ፣ እንጨቱም ሙሉ ለሙሉ ወደ ውስጥ ገብቶ የሳሎን ጌጥ ሆነ። ያለ ፕላስቲክ አረፋ ይህ ‹‹የጥንት ጥበብ›› ዛሬ የጥቂት አፍቃሪዎች የእሑድ ሥራ ብቻ ይሆን ነበር።

ፓነሉ ግን አንድ የማይመች እውነት ይዞ መጣ። ደህና ሳንድዊች ፓነል ራሱን ችሎ ጣሪያ መሸከም ይችላል። ስለዚህ ገዢው አንዱን ቤት በሌላው ውስጥ እየገዛ ነው፤ ውስጡ ባለ ካስማ አጽም፣ ውጭው ባለ ፎም ቅርፊት፣ ሁለቱም ለየብቻ ሊቆሙ የሚችሉ። የገበሬ ጎተራ አሠራር የባለጠጋ ዕረፍት ቤት የሆነበት ምክንያት ሲጠየቅ ብዙዎች የአናጢውን ደመወዝ ያነሣሉ። እኔ ግን ይህን ድርብርብ አስቀድማለሁ።

ደመወዙንማ ማሽኑ ቀነሰው። ባቫሪያ ውስጥ ሃንስ ሁንደገር ያቋቋመው ድርጅት በ1980ዎቹ አጋማሽ እንጨትን በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቆርጥ፣ የሚበሳና የሚፈለፍል ማሽን አወጣ። እንጨቱ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል ምላሱ ወጥቶ፣ የካስማ ቀዳዳው ተዛንፎ ተበስቶ ይወጣል። በመሮ ግማሽ ቀን የሚፈጀው በደቂቃዎች ያልቃል። ማሽኑ በኋላ ውቅያኖስ ተሻግሮ የአሜሪካ ትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ ገባ፤ ራሳቸው ያልገዙትም ሥዕሉን ለባለ ማሽኑ ልከው ያስቆርጣሉ። የአናጢው ዋና ሥራም ወደ ኮምፒውተሩ ስክሪን ዞረ፤ ስሕተት ቢኖር እዚያ ነው፣ ስሕተቱም በሁሉም እንጨት ላይ እኩል ይደገማል።

ማሽን መግባቱ ግን የግድ ቤቱን ውድ አያደርገውም፣ ርካሽም አያደርገውም። ጃፓንን ማየት ነው። እዚያ በቋሚና በአግዳሚ ከሚሠሩት የእንጨት ቤቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት መጋጠሚያቸው በፋብሪካ አስቀድሞ ተቆርጦ ይመጣል። የአናጢዎቹ የረቀቀ የእጅ ጥበብ ቅርጾች በማሽን ቢላ ተቀልለው የተራ ቤተሰብ ቤት ውስጥ ገብተዋል፤ ብዙውን ጊዜም በግድግዳ ተሸፍነው ማንም አያያቸውም። የ1995ቱ የኮቤ ርዕደ መሬት ከ6,400 በላይ ሰዎች ሲገድል ከወደቁት ቤቶች ብዙዎቹ ከባድ የጣሪያ ሸክላ የተሸከሙ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ነበሩ። በ2000 የተሻሻለው ሕግ የቋሚዎቹ ራስና እግር በብረት ማሰሪያ እንዲጠናከር ጠየቀ። ስለዚህ የጃፓኑ መጋጠሚያ ዛሬ ምላስም ብረትም አለው፣ ስለ ንጽሕናውም ማንም አያለቅስለትም።

አሜሪካ ውስጥ ብረት ሲገባ ግን ተደብቆ ነው። ባለ ካስማ መጋጠሚያ ሸክም ከላይ ሲጫነው እጅግ ጠንካራ ነው፤ ለመነቀል ሲጎተት ግን ደካማ ነው። ረዥም ስፋት ያለው ጣሪያ ጎትቶ የሚያስጨንቀው ቦታ ላይ መሐንዲሱ የብረት ዘንግ ወይም ሳህን እንጨቱ ውስጥ ይቀብራል። ለብዙ ዓመታት የእያንዳንዱን ካስማ ጥንካሬ ለከተማው ተቆጣጣሪ ማስረዳት የግል ትግል ነበር፤ በ2007 የዘርፉ መሐንዲሶች ምክር ቤት የራሱን የዲዛይን ደረጃ ካወጣ ወዲህ የሚጠቀስ ሰነድ አለ። ለተገጣጣሚ ሻጮች ይህ ከማሽኑ የማይተናነስ ነገር ነበር፤ ስሌቱ አብሮ ካልተላከ እንጨቱ ብቻውን ፈቃድ አያስገኝም።

ፈቃድ ሲነሣ ካታሎጎቹን የሚያገላብጥ ሰው የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ። ትንንሾቹ ተገጣጣሚዎች ውስጥ 12 ጫማ በ16 ጫማ የሆነው ልክ ደጋግሞ ይመጣል። ስፋቱ 192 ካሬ ጫማ፣ ወደ 18 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ከተሞች የሚከተሉት ሞዴል የቤት ግንባታ ሕግ ደግሞ ከዋናው ቤት ተለይቶ የሚቆምን ባለ አንድ ፎቅ ማከማቻ እስከ 200 ካሬ ጫማ ድረስ ከፈቃድ ነፃ ያደርገዋል። ውበቱን የወሰነው አናጢ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ግማሹን የወሰነው አንቀጽ ነው።

እኔ የዚህን ገበያ እውነተኛ ጤንነት የማየው በእነዚህ ትንንሾች ላይ ነው። ገዢው ጓደኞቹን ጠርቶ ክፈፎቹን በክንዱ ያነሣል፣ ካስማውን ራሱ ይመታል፤ ሲጨርሱም እንደ ጥንቱ ልማድ ጣሪያው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ያስራሉ። ፎም የለም፣ ድርብ ቤት የለም። እንጨቱ በርግጥ ጣሪያውን ተሸክሟል። በግንቦት 2021 በአሜሪካ የግንባታ ጣውላ የወደፊት ግብይት ዋጋ ለሺህ ቦርድ ፉት ከ1,600 ዶላር ሲያልፍ፣ ከኮቪድ ወረርሽኝ በፊት 400 ዶላር ገደማ የነበረ ዋጋ ነውና፣ ርካሹ የሚስማር መንገድ ለጊዜው ርካሽ መሆኑ ቀረ። ያን ጊዜ ከአካባቢው መጋዝ ቤት ወፍራም እንጨት መግዛት እብደት አይመስልም ነበር። ከትልቁ ቤት ጋር ግን ማምታታት አይገባም። ለመኖሪያ ቤት የቀረበው የአጽም ዋጋ መሠረቱን፣ ፓነሉን፣ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ ውኃውንና መብራቱን አይጨምርም፤ ይህን ሳያነብ የፈረመ ሰው የቤት ሳይሆን የአጥንት ባለቤት ይሆናል።

ማሽኑ ሁሉን ሲወርስ መጥረቢያው ባልታሰበ በኩል ብቅ አለ። በ2011 የአሜሪካው የአናጢዎች ማኅበርና ሃንድስሃውስ ስቱዲዮ የተባለው ድርጅት ፖላንድ ሳኖክ ላይ ተሰብስበው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠፋውን የግቮዝድዜትስ ምኩራብ ጣሪያ ከትክክለኛው ልክ በ85 በመቶ በእጅ መሣሪያ ሠሩ፤ ጣሪያው ተፈትቶ ዋርሶ በሚገኘው የፖሊን ሙዚየም ተገጠመ። የፓሪሱ ኖትር ዳም ሚያዝያ 15 ቀን 2019 ሲቃጠል የመካከለኛው ዘመን የኦክ ጣሪያው አመድ ሆነ፤ በብረት ወይስ በኮንክሪት ይተካ የሚል ክርክር ተነሣ። በመስከረም 2020 ድንበር የለሽ አናጢዎች የተባለው ቡድን ከጣሪያው ተሸካሚዎች አንዱን በሙሉ ልኩ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት በሕዝብ ፊት ገጠመ። መልሱም በመጨረሻ እንጨት ሆነ። እርጥብ ኦክ በመጥረቢያ ተጠርቦ፣ በፈረንሳይ ገጠር ባሉ የአናጢ ግቢዎች ተሰምሮና ተገጣጥሞ፣ ተፈትቶ በመኪና ፓሪስ ገባ፣ በክሬን ተነሣ። ከአሜሪካ የሄዱ አናጢዎችም አብረው ጠርበዋል። ካቴድራሉ በታኅሣሥ 2024 ተከፈተ። የዘመኑ ዝነኛ የእጅ ሥራ እንኳ ወደ ቦታው የደረሰው ተገጣጣሚ ሆኖ ነው።

ከዚህ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠቁም አንድ ሙከራ አለ። በእንግሊዝ ዶርሴት፣ ሁክ ፓርክ ጫካ ውስጥ፣ የለንደኑ የአርክቴክቸር አሶሲየሽን ትምህርት ቤት ተማሪዎች በ2016 አንድ የእንጨት ፍርፋሪ ማከማቻ ጨረሱ። ጣሪያውን የተሸከሙት እንደ በቀሉ የተወሰዱ መንታ ቅርንጫፍ ያላቸው የቢች ግንዶች ናቸው። ዛፎቹ ገና ቆመው ሳሉ ፎቶ ተነሡ፣ ተቆርጠው በሦስት አቅጣጫ ተቃኙ፣ ኮምፒውተሩ የትኛው ጠማማ ከየትኛው ጠማማ ጎን ቢቆም እንደሚስማማ አሰላ፣ የሮቦት ክንድም መጋጠሚያውን ቆረጠ። የዴድሃሙ አናጢ በቱምቢ ይሠራው የነበረው ማስመር ይህ ነው፤ እያንዳንዱ እንጨት ለራሱ ጥንድ ብቻ። ካታሎግ ለመግባት የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ ቁጥር ተጠቅሶ የሚታዘዝ ልክ የለውም፣ ሻጩ አስቀድሞ ጫካ ሄዶ ዛፉን ማየት አለበት።